ለአባቴ፦ ጥር 23 ቀን ወደ በረዶው ተራራ ስለምናደርገው ጉዞ

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
ታኅሣሥ 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? መጪውን የልደት በዓል በሰላምና በጤና ያድርስዎ፤ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ባለፈው በስልክ አንሥቼው በልጆቹ ጩኸት መሐል ስለተቋረጠው ጉዳይ፣ ማለትም ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ቀን ወደ ተራራ ወጥቶ በበረዶ ላይ ስለሚጫወትበት ዕቅድ ነው። «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት ሆኜ እጠብቃችኋለሁ» እንደሚሉኝ ስለማውቅ፣ ነገሩን ሁሉ ከመነሻው እርስዎን ይዞ እንዲሄድ አድርጌ አስቤዋለሁና እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ እለምንዎታለሁ።

ቀኑን ለመምረጥ ጥቂት ተቸግሬ ነበር። ልጆቹ ከትምህርት የሚያርፉባቸው ሁለት ሰኞዎች ነበሩ፤ ነገር ግን የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ዘንድሮ ጥር 11 ቀን በጥምቀት ዕለት ይውላል፣ የፕሬዚዳንቶች ቀን የሚሉትም የካቲት 9 ቀን፣ ዐቢይ ጾም በሚገባበት ሰኞ ላይ ወድቋል። ስለዚህ ቅዳሜ ጥር 23 ቀን እንዲሆን ወስነናል። የነነዌ ጾም የሚገባው ከዚያ በኋላ ባለው ሰኞ ስለሆነ በምግብ አንቸገርም፤ እሑድም ለቅዳሴ ነጻ ይሆናል። እርስዎ ከእህቴ ጋር ረቡዕ ጥር 20 ቀን ከዳላስ ቢነሡ፣ ሐሙስ አስተርእዮ ማርያምን እዚህ እናከብራለን፤ ዓርብ ደግሞ አርፈው ይውላሉ።

እነዚህን የዕረፍት ቀናት ያስገባሁት ለበዓሉ ብቻ አይደለም። የምንሄድባት ፍሪስኮ የምትባለው ትንሽ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,770 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ይህን ሲሰሙ «እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ደጋ ምን ያደርገኛል?» ማለትዎ አይቀርም፤ እውነትም ደብረ ብርሃን ከፍሪስኮ ጥቂት ከፍ ሳትል አትቀርም። ሆኖም ሰውነት ከፍታን የሚለምደው እዚያው እስከኖረ ድረስ ነው፤ ቆላ ወርዶ ከሰነበተ ልማዱን ይተዋል። ዳላስ ደግሞ ከባሕር ወለል እምብዛም የማትርቅ ቆላ ናት። አየሩ ስስ በሆነበት ከፍታ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ በችኮላ ሲወጡ ስለሆነ፣ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኦሮራ ሦስት ሌሊት አድረው ቢወጡ ይሻላል። እህቴ እዚያው ሆቴል ይዘን እንድናድር ፈልጋ ነበር፤ እኔ ግን አልተስማማሁም፤ ሕመሙ የሚጠናው ከፍታ ላይ ሲያድሩ ነውና በዚያው ቀን እንመለሳለን። የደም ግፊት መድኃኒትዎን ግን እንደ ልማድዎ ይቀጥሉ። ከመምጣትዎ በፊትም ሐኪምዎን ስለ ከፍታው በግልጽ ይጠይቁልኝ፤ እሳቸው አይሆንም ካሉ እኔም አልከራከርም፣ ልጆቹን እዚሁ ሜዳ ላይ አጫውታቸዋለሁ።

መንገዱ ከቤታችን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን እንደማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ እርስዎን ደስ ያሰኛል ብዬ የማስበው አይዘንሃወር የተባለው ዋሻ ነው። 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተራራውን በስቶ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ ሲሆን፣ አንደኛው ቀዳዳ በ1973፣ ሁለተኛው በ1979 በፈረንጆች አቆጣጠር ተከፍቷል። ጣሊያን ስለቆፈረው ስለ ጣርማ በር ዋሻ ሁልጊዜ የሚያወሩላቸው ልጆች፣ የእርስዎን ዋሻ ከዚህኛው ጋር ሲያስተያዩ ብዙ ጥያቄ ይጠይቁዎታልና ይዘጋጁ። በዚህ መንገድ ላይ በክረምት ወራት የመኪናው ጎማ ጥርስ ያልተበላና ለበረዶ የሚሆን እንዲሆን ሕግ ያስገድዳል፤ እኔም ጎማዎቹን ቀይሬያለሁ። ቅዳሜ ጠዋት የበረዶ ሸርተቴ ወዳጆች መንገዱን ስለሚያጨናንቁት ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ እንነሣለን፤ ከሰዓት በኋላ እነርሱ ሲመለሱ ደግሞ ጭንቅንቁ ስለሚብስ ከ8 ሰዓት በፊት ለመመለስ እንሞክራለን።

ጨዋታው ራሱ እርስዎ እንደሚፈሩት አይደለም። ልጆቹ በአየር በተነፋ ትልቅ የጎማ ቀለበት ላይ ተቀምጠው፣ ግራና ቀኙ በበረዶ ግንብ በተከለለ መስመር ቁልቁል ይንሸራተታሉ፤ ወደ ላይ ሲመለሱም የሚንቀሳቀስ ምንጣፍ ያወጣቸዋል። ትኬቱ በሰዓት የተከፋፈለ ስለሆነ አስቀድመን እንገዛለን። እርስዎ እንዲንሸራተቱ አልጠይቅም፤ ጉልበትዎ ከተሠራ ወዲህ ያንን ማሰብ ድፍረት ነው። ግርጌው ላይ ግን ሞቅ ያለ ማረፊያ ቤት አለ፤ እዚያ ሆነው ሲፈልጉ ወጣ፣ ሲበርድዎ ገባ ይላሉ። ትንሿ ልጄ ለመንሸራተቻው ቁመቷ ይድረስ አይድረስ ገና አላወቅሁም፤ ካልደረሰ ከአያቷ ጋር የበረዶ ሰው እንደምትሠራ ከወዲሁ ለክፍል ጓደኞቿ ተናግራለች።

ስለ ልብስ አንድ ነገር ልጨምር። ጋቢዎን ለመኪናውና ለማረፊያ ቤቱ ይያዙት እንጂ በረዶው ላይ አይልበሱት፤ ጥጥ ከራሰ ሙቀት አይዝም፣ ጭራሽ ያቀዘቅዛል። የበግ ፀጉር ግን እርጥብም ሆኖ ያሞቃልና ያ የመንዝ በርኖስዎ እዚህ ከሚሸጠው ጃኬት ሁሉ ይበልጣል (ልጆቹ ፎቶ ሊያነሡዎት እንደሚሻሙ ይጠብቁ)። ጥቁር መነጽርም አይርሱ፤ ፀሐይ ከበረዶው ላይ ተመልሳ ዓይን ታቃጥላለች። ለስንቅ ድፎ ዳቦ፣ ቋንጣ ፍርፍርና ቆሎ አዘጋጃለሁ፤ ዝንጅብል የገባበት ሻይም በፔርሙዝ እንይዛለን።

ዕለቱ ሲቀርብ ማዕበል ይመጣል ከተባለ መንገዱ ሊዘጋ ስለሚችል ወደ ጥር 30 ቀን እናስተላልፈዋለን፤ ስለዚህ የመመለሻ ትኬትዎ ቀኑ የሚቀየር ዓይነት እንዲሆን ለእህቴ ነግሬያታለሁ። የእርስዎን ወጪ እኔና እርሷ ተካፍለናልና ስለ ገንዘቡ ምንም እንዳያነሡብን። ሐኪምዎን እንዳነጋገሩ ይደውሉልኝ፤ በዚያውም የጫማዎን ቁጥር ይንገሩኝ፤ ከወፍራም ካልሲ ጋር የሚሆን የማያዳልጥ ቦት ጫማ ልገዛልዎ ነው።

አክባሪ ልጅዎ