እማዬ፣ ከማን ጋር እንደምበላ ልንገርሽ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? የደብረ ብርሃን ውርጭስ በረታ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለኝ የለም።

በስልክ በተገናኘን ቁጥር የምትጠይቂኝ አንድ ነገር ነው። «ምን ትበያለሽ? ከማን ጋር ትበያለሽ?» ኔትወርኩ ሲቆራረጥብን «እበላለሁ፣ አታስቢ» ብዬ እዘጋዋለሁ። ይህ መልስ እንደማያሳርፍሽ አውቃለሁ። ስለዚህ ዛሬ ቁጭ ብዬ በዝርዝር ልጽፍልሽ ነው። የእህቴ ልጅ ቀስ እያለ ያንብብልሽ።

መጀመሪያ የኮሪያውያንን ገበታ ልንገርሽ። ለእያንዳንዱ ሰው ሩዝና ሾርባ ለብቻው ይቀርባል። መሃል ላይ ትንንሽ ሳህኖች ይደረደራሉ። ኪምቺ የሚሉት በበርበሬ የተለወሰ ጎመን፣ የአኩሪ አተር ቡቃያ፣ ድንች፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ የመሰለ ቶፉ፣ ልዩ ልዩ ቅጠል። እነዚህ ባንቻን ይባላሉ፤ የጋራ ናቸው። ምግብ ቤት ስትገቢ ሳታዢ ይመጡልሻል። ሲያልቁም ይጨመርልሻል፤ ሒሳብ የለውም። ቲፕም አይሰጥም። ብዙ ቦታ ወጡ በአንድ ድስት መሃል ላይ እየፈላ ይቀመጥና ሁሉም ማንኪያውን ይሰድ ነበር። ከኮሮና ወዲህ ጭልፋና ትንሽ ሳህን ማቅረብ እየተለመደ ነው።

በእጅ አይበላም። ሩዝና ሾርባው በማንኪያ፣ ሌላው ቾፕስቲክ በሚባሉ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ነው። ቾፕስቲካቸው የብረት ነው፤ ጠፍጠፍ ያለና የሚያዳልጥ። የሩዙን ሳህን አንስቶ ወደ አፍ ማስጠጋት አይወደድም። ቾፕስቲክን ሩዙ ላይ ተክሎ መተው ደግሞ ትልቅ ነውር ነው፤ ለሙታን መታሰቢያ የሚተከለውን ዕጣን ስለሚመስልባቸው። ማዕድ ላይ መናፈጥም ነውር ነው። ምግባቸው በርበሬ የበዛበት ስለሆነ ይሄ ለብዙ ፈረንጆች ይከብዳቸዋል። እኔን ግን አንቺ በልጅነቴ አስለምደሽኛል።

አንቺን ደስ የሚልሽ ለታላቅ ያላቸው ክብር ነው። ትልቅ ሰው ማንኪያ ሳያነሳ ማንም አይጀምርም። ለትልቅ ሰው ሲቀዱ በሁለት እጅ ነው፤ ሲቀበሉም እንደዚያው። ወጣት በትልቅ ሰው ፊት አረቄ ከጠጣ ፊቱን ዞር አድርጎ ነው። ሰው ሲተዋወቁም ዕድሜ ቶሎ ይጠይቃሉ። የውጭ ሰዎች ይሄን እንደ መዳፈር ያዩታል። እኔ ግን ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ። ታላቅ ይሁን ታናሽ ሳያውቁ እንዴት ያናግሩታል? እኛስ «አንተ» እና «እርስዎ» የምንለው ለዚሁ አይደል? ድሮ ሕፃን ገና ሲወለድ አንድ ዓመት ይቆጠርለት ነበር፤ አዲስ ዓመት ሲገባ ደግሞ ሁሉም ሰው እኩል አንድ ይጨምራል። በ2015 ዓ.ም. ሕጉ እንደ ሌላው ዓለም በልደት ቀን ይቆጠር አለ። እንደ ድሮው የሚቆጥር ግን አሁንም አለ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። ጾሙን አልተውኩም፣ እማዬ። ረቡዕና ዓርብን እጾማለሁ፣ ሁዳዴንም እጾማለሁ። ቀላል ነው ብዬ ግን አልዋሽሽም። ሀገሩ አትክልት የሞላበት ነው፤ ችግሩ ውስጡ ነው። ኪምቺን ብታዪው ጎመንና በርበሬ ብቻ ይመስልሻል። አብዛኛው ግን በጨው የተቀመመ ሽሪምፕና የዓሣ ፈሳሽ ይገባበታል። ሾርባውም ብዙ ጊዜ የሚፈላው በደረቅ ትንንሽ ዓሣ ነው። «ሥጋ አልበላም» ስትያቸው ከላይ ያለውን ሥጋ አንስተው ያንኑ ያቀርቡልሻል። ክፋት አይደለም። እንደኛ ያለ ጾም ስለማያውቁ ነው። አንዳንድ ሀበሾች በጾም ዓሣ ይበላሉ፤ እኔ እንዴት እንዳሳደግሽኝ ታውቂያለሽ።

መላ የሰጠኝ የመነኮሳቱ ምግብ ነው። የቡድሃ መነኮሳት ሥጋና ዓሣ አይነኩም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳን ምግባቸው ውስጥ አይገባም። ከምኖርበት ከዴጆን ከተማ ወጣ ሲሉ ጌሪዮንግ የሚባል ተራራ አለ። እዚያ ዶንግሃክሳ የተባለ የሴት መነኮሳት ገዳም ይገኛል። አትደንግጪ፣ ለአምልኮ አይደለም የምሄደው። ከገዳሙ በታች መንገድ ዳር ምግብ ቤቶች አሉ። ከተራራ የተለቀመ ልዩ ልዩ ቅጠል ሩዝ ላይ ደርድረው፣ ከቀይ በርበሬ ድልህ ጋር ያቀርባሉ። ቢቢምባፕ ይባላል። እንቁላሉን አስቀርቼ፣ ለውሼ እበላዋለሁ። ጠግቤ ነው የምነሳው።

ሌላው ገብስ ነው! እዚህ ምግብ ቤት ገብተሽ ስትቀመጪ ብዙ ጊዜ የሚቀርብልሽ ንጹሕ ውሃ ሳይሆን ቆሎ ተነክሮበት የፈላ ውሃ ነው። ሽታው የእኛን ቤት ምጣድ ያመጣብኛል። ሚሱትካሩ የሚባልም አላቸው። ገብስና ሩዝ፣ ሌላም እህል ቆልተው ይፈጩታል። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ሲበረታ በቀዝቃዛ ውሃና በማር በጥብጠው ይጠጡታል። ምን ልበልሽ፣ በሶ ነው። በሁዳዴ ከሥራ ስወጣ መጀመሪያ የምቀምሰው እሱን ነው። የገብስ ሀገር ልጅ እዚህ በረሃብ አትሞትም።

በኅዳር ወር የሆነውን ደግሞ ሳልነግርሽ አላልፍም። ኮሪያውያን የብርዱ ወራት ከመግባቱ በፊት ለዚያ ጊዜ የሚሆነውን ኪምቺ በአንድ ላይ ይሠራሉ። ኪምጃንግ ይሉታል። ዩኔስኮ በ2006 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ገጠር ወደሚኖሩት እናቷ ቤት ይዛኝ ሄደች። ጎመኑ ማታውን በጨው ተነክሮ አድሯል። ጠዋት ታጥቦ ተንጠፈጠፈ። አክስቶች፣ ምራቶች፣ ጎረቤቶች ሁሉ መሬት ላይ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። የጎማ ጓንት አጠለቁ። የተከተፈ ነጭ ራዲሽ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና የተፈጨ ቀይ በርበሬ በትልቅ ሳፋ ተለወሰ። ከዚያ በእያንዳንዱ የጎመን ቅጠል መሃል እየቀቡ መጠቅለል ነው። ወሬው፣ ሳቁ፣ «ጨው አነሰ»፣ «የለም በቃው» የሚለው ክርክር በርበሬ በምናዘጋጅበት ጊዜ ግቢያችን የሚሆነውን ሁሉ አስታወሰኝ። ቋንቋውን ሙሉ በሙሉ ባልሰማውም ማን ማንን እየነካካ እንደሆነ ይገባኝ ነበር።

ልጅቷ ስለ ጾሜ ለእናቷ ቀድማ ነግራቸው ኖሯል። እሳቸው ታዲያ ለእኔ ብቻ አንድ ሳፋ ለይተው ሽሪምፕም ዓሣም ሳይገባበት አዘጋጅተዋል። በእንጉዳይና በባሕር ቅጠል ውሃ ነው የለወሱት። በዕቃ ሞልተው፣ ክዳኑን በፕላስቲክ ጠቅልለው ሰጡኝ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ስለ እኛ ሃይማኖት የሚያውቁት የለም። «እናትሽ ስላላየችሽ እኔ ልይልሽ» አሉኝ። እማዬ፣ ለእኚህ ሴት በጸሎትሽ አስቢልኝ።

የመሥሪያ ቤት እራት ግን ብዙውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ ነው። ምድጃው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሥጋው እዚያው እየተጠበሰ በመቀስ ይቆረጣል። እኔ እንጉዳይ፣ ቶፉና ነጭ ሽንኩርት በሌላ ምድጃ እንዲጠበስልኝ እጠይቃለሁ፤ አሁን ሳልናገርም ያዙልኛል። ጥብሱ በሰላጣ ቅጠል ተጠቅልሎ በአንዴ አፍ ውስጥ ይገባል። በእጅ የሚበላው ይሄ ነው። ከጎኔ የምትቀመጠው ትልቅ ሴት አንድ ቀን ጠቅልላ አፌ ድረስ አመጣችልኝ። ጉርሻ! አጠገባችን የነበረው የካናዳ ሰው ደነገጠ። እኔ አፌን ከፍቼ ተቀበልኩ። ከዚያ እኔም በተራዬ ጠቅልዬ አጎረስኳትና «በእኛ ሀገር አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል፣ ሦስት ይደገማል» አልኳት። ሦስቱንም ተጎራረስን።

ቡናቸውን ግን አልለመድኩትም። ምሳ በሩብ ሰዓት ያልቅና ሁሉም የቡና ብርጭቆ ይዞ ወደ ሥራው ይሮጣል። በጥር ብርድ እንኳን በረዶ የገባበት ቡና ነው የሚጠጡት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ መቀመጥ የለም። ቹንቾን ከተማ ሄጄ ግን ልቤ ሞላ። በ1943 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በኮሪያ ጦርነት እዚህ ደርሰው ተዋግተዋል። ሐውልታቸው ወንዙ ዳር ቆሟል። በ1960 ዓ.ም. ጃንሆይ ራሳቸው መጥተው መርቀውታል። አጠገቡ የእኛን ቡና የሚያፈላ፣ ስሙም «የኢትዮጵያ ቤት» የሆነ ቡና ቤት አለ። ባለ ክብ ጣሪያው መታሰቢያ አዳራሽም ከመንገዱ ማዶ ነው። አንድ ሽማግሌ ኢትዮጵያዊት መሆኔን ሲያውቁ ዝቅ ብለው እጅ ነሱኝ። እኔ ምን አድርጌ? የእነዚያን አባቶች ክብር ነው የተቀበልኩት። ጎረቤታችን ያሉት የዘማች ሚስት ይሄን ስትነግሪያቸው ደስ ይላቸዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ለብቻው ልጽፍልሽ የፈለግኩት። እኛ ለአራስ ገንፎ እንደምንሠራው እነሱ የባሕር ቅጠል ሾርባ ይሠራሉ። ሚዮክኩክ ይባላል። አራሷ ለሳምንታት እሱን ትጠጣለች። ልጁ ካደገ በኋላም በየልደቱ ያንኑ ሾርባ ይበላል፤ እናቱ ስትወልደው የበላችውን ማለት ነው። ልደት ሲመጣ ስለ ኬክ እንጂ ስለ አንቺ ምጥ አስቤ አላውቅም ነበር። ዘንድሮ ያለ ሥጋ አፍልቼ ጠጣሁት። አንቺ እኔን ልትወልጂ በዝናብ ሆስፒታል የሄድሽበትን ታሪክ ለባልደረቦቼ ነገርኳቸው።

አሁን አንቺም ስሚኝ። ይህ ሀገር ሀብታም ነው፤ ግን ከሦስት ቤት አንዱ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ይኖራል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የሚበሉበት የአንድ ሰው መቀመጫ ያላቸው ምግብ ቤቶች አሉ። እኔም ማታ ብቻዬን የምበላበት ቀን አለ፤ አልደብቅሽም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ልጆቻቸው ሁሉ ወደ ዋና ከተማው ወደ ሴኡል ሄደውባቸዋል። ስለዚህ በየመንደሩና በየአፓርታማው ግቢ የአረጋውያን ቤት አላቸው። ቀን እዚያ ይሰበሰባሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ፣ ምሳ አብረው ይበላሉ። አሮጊቶቹ በተራ ሲያበስሉ በመስኮት አይቻለሁ። ያን ጊዜ የታየሽኝ አንቺ ነሽ።

እህቴ ሁሉንም ነግራኛለች። አባባ ካረፈ ወዲህ «ለአንድ ሰው ብዬ ወጥ አልጥድም» እያልሽ ምሳ ሳትበዪ ትውያለሽ አለችኝ። ሰንበቴም ቀርተሻል፤ የማርያም ማኅበርም እየራቀሽ ነው። ጉልበትሽ እንደሚያምሽ አውቃለሁ። እባክሽ እማዬ፣ ይሄን አታድርጊ። እኔ ባዕድ ሀገር ሆኜ አብሮ የሚበላ ሰው ፈልጌ አግኝቻለሁ። አንቺ በሀገርሽ፣ በደጅሽ፣ አርባ ዓመት ከማኅበርተኞችሽ ጋር ቆርሰሽ ለምን ብቻሽን ትበያለሽ?

አሳብሽን እንዲህ አቅልዬዋለሁ። ለሰንበቴና ለማኅበር ባጃጅ እንዲመላልስሽ ከወንድሜ ጋር ተነጋግረናል፤ ሒሳቡ የእኔ ነው። ተራሽ ሲደርስ ድግሱንም እኔ እደግሳለሁ። ጠላውን ብቻ ሰው ይጥመቅልሽ፤ አንቺ አትድከሚ። በሌላው ቀን ያቺ አጎራባች የተከራየችው ተማሪ ልጅ ምሳ ካንቺ ጋር ትብላ። እሷም እናቷ ሩቅ ናት።

ለሁዳዴ የሚደርስ ድርቆሽና ትንሽ ሽሮ በሚመጣ ሰው ላኪልኝ። በርበሬ አትላኪ፣ እዚህ ሞልቷል። ለባልደረባዬ እናት የሚሆን ነጠላም ጨምሪበት፤ ጥለቱ ደመቅ ያለ ይሁን። የማኅበሩን ቀን ቆርጠሽ ለእህቴ ንገሪያት፤ እሷ ትጽፍልኛለች፣ እኔም ገንዘቡን በዚያው ሳምንት እልካለሁ።

ለዘመድ ለጎረቤት ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

የምትወድሽ ልጅሽ፣
ከዴጆን፣ ኮሪያ