በፍሬ የሚሸጥ አሞክሳሲሊን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ጤና አገልግሎት ተመራማሪዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። በ2011 እ.ኤ.አ. ያረፉት አሜሪካዊቷ ሐኪምና ተመራማሪ ባርባራ ስታርፊልድ ዕድሜ ልካቸውን የለፉበት የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት ጉዳይ ፒያሳ ላይ በየቀኑ ያጋጥመኛል።

ባለፈው ሳምንት አንድ መድኃኒት ቤት ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ ያለው ጎረምሳ «ጉንፋን ይዞኛል፣ አራት ፍሬ አሞክሳሲሊን ስጪኝ» አለ። ማዘዣ አልተጠየቀም። ከእሽጉ ላይ በመቀስ ተቆርጦ ተሰጠው። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው፤ እንደ አሞክሳሲሊን ያለ ባክቴሪያን የሚያጠቃ መድኃኒት (አንቲባዮቲክ) አይነካውም። ሕመሙ የባክቴሪያ ቢሆን እንኳ አራት ፍሬ የትም አያደርስም። ትርፉ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ማራባት ነው።

ሻጯን ብቻ መውቀስ ግን አይገባም። ልጁ ጤና ጣቢያ ቢሄድ ግማሽ ቀኑን ወረፋ ይበላበታል። በሄደ ቁጥር የሚያየውም ሌላ ሰው ነው። ስታርፊልድ አጥብቀው ይሉ የነበረው፣ ሰው መጀመሪያ የሚሄድበት ቅርብ ቦታና ዘወትር የሚከታተለው ባለሙያ ያስፈልገዋል ነው።

ስለዚህ የመሃል ከተማ ጤና ጣቢያዎች ለጉንፋንና ለመሳሰሉት ቀላል ሕመሞች የተለየ መስኮት ይክፈቱ፤ ነርስና ፋርማሲስት ይመደብበት። መድኃኒት ቤቶችም ማዘዣ ያልያዘውን ወደዚያው ይላኩ።

አንድ አንባቢ፣ ከፒያሳ