እንኳን ማርያም ማረችሽ (ስድስት ወር ዘግይቶ)

ይድረስ ለማልረሳት፣ ግን ለጠፋሁባት ጓደኛዬ፦

ያላነሳሁትን ስልክ፣ ያልመለስኩትን መልእክት ሁሉ ቆጥረሽ እንደያዝሽልኝ አውቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ስንገናኝ እንደ ልብሽ ትሰድቢኛለሽ። አሁን ግን አንድ ነገር አስታውሽልኝ። አራተኛ ክፍል ሆነን ፊቴ አብጦ «ዱባ» ያላችሁኝ ጊዜ፣ ጆሮ ደግፍ ነበር ወይስ ጥርሴን አሞኝ?

አትሳቂ። የምሬን ነው።

ኮሌጃችን ጆሮ ደግፍ ገብቶበታል። ፕሮክተር መሆኔን ሰምተሻል አይደል? ያ በዶርም መስኮት ሾልኮ ይወጣ የነበረው ልጅ ዛሬ የሰው መስኮት ይጠብቃል። እናም የመጀመሪያው ልጅ ጉንጩን ይዞ የመጣው ወደ እኔ ነበር። ምን እንዳልኩት ለማንም አልተናገርኩም። «ጥርስህ ነው፤ በጨው ውሃ ተጉመጥመጥና ክፍል ግባ» አልኩት። ገባ። ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ጠርሙስ ውሃ እየተቀባበሉ ሲጠጡ እንኳ አይቻለሁ። እኔም ከዚያው ጠጥቻለሁ። በማግስቱ ሌላኛው ጉንጩም ሲያብጥ ነው ወደ ክሊኒክ የላክሁት።

ሲስተር አስቀምጠው አስተማሩኝ። በምራቅና ስንናገር ስናስነጥስ በሚወጣው ጠብታ ይተላለፋል። ደግሞ ጉንጭ ከማበጡ 2 ቀን ቀድሞ ጀምሮ፣ ካበጠ በኋላ እስከ 5 ቀን ድረስ። «ስለዚህ ገና አንተ ጋ ሳይመጣም አስተላልፎ ይሆናል» አሉኝ፣ ሊያጽናኑኝ። አልተጽናናሁም።

አሁን ያበጠ ሁሉ 5 ቀን ለብቻው ይተኛል። ምግቡን በር ላይ አድርሼ እመለሳለሁ። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት (አንቲባዮቲክ) ለቫይረስ አይሠራም፤ እረፍት፣ ፈሳሽ፣ ማስታገሻ፣ አለቀ። የሚከብደው የሚደበቁትን ማግኘት ነው። ፈተና ደርሷል። በዚህ ሙቀት አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ የሚሄድ ልጅ ካየሁ ብርድ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ደግሞ ወንዶቹ... እንዴት ልበልሽ... የዘር ፍሬ ያሳብጣል የሚል ወሬ ሰምተዋል። ወሬ ብቻም አይደለም፤ አንዳንዱን ያጋጥመዋል። አንዱ እኩለ ሌሊት በሬን አንኳኩቶ «ፕሮክተር፣ መውለድ አልችልም ማለት ነው?» አለኝ በሹክሹክታ። ሙሉ በሙሉ መካን የሚሆን በጣም ጥቂት ነው ብዬ አስተኛሁት። እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ።

«ሁለቴ ተከትቤያለሁ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ሁለቱ ክትባት አደጋውን በ88 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ግን በዓመታት ውስጥ ይደክማል፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተደራርቦ ለሚያድር ደግሞ ክፍተቱ ይሰፋል። አሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2015 እና 2016 ወረርሽኝ በተነሳበት ጊዜ፣ ሦስተኛ ዙር የወሰዱት ተማሪዎች ካልወሰዱት ያነሰ ተይዘዋል። እኛም ሦስተኛውን ጀምረናል። ሰልፉን ያስረዘመው የኔ ስብከት እንዳይመስልሽ። ያ የሌሊቱ ወሬ ነው።

እኔም ተወግቻለሁ። ችግሩ፣ መርፌው ቀድሞ የገባውን ቫይረስ ላይዘው ይችላል። እስከ 25 ቀን ተደብቆ ይቆያል አሉ። ከዚያ ጠርሙስ ከጠጣሁ ዛሬ 9ኛ ቀኔ ነው። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ጉንጬን እዳብሳለሁ።

ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። በዚህ ሳምንት መጥቼ ልጠይቅሽ ቆርጬ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ሳልመጣ፣ ልምጣ ባልኩበት ሳምንት! ልጅሽ ደግሞ ገና ለክትባቱ አልደረሰም፤ አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ሲሞላ ነው የሚሰጠው። አንዴ የያዘው ሰው ግን ብዙም አይደግመውም ይባላል። ስለዚህ ያ «ዱባ» ጆሮ ደግፍ ከነበረ ትንሽ እተነፍሳለሁ። እማማ ያስታውሱ ይሆናል፣ ጠይቂልኝ። ብቻ ለምን እንደጠየቅሁ አትንገሪያቸው፤ እሳቸው ሲጨነቁ አንቺንም አያስተኙሽም።

ሹራብ ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ቢጫ ነው። ሴት ትሁን ወንድ አላወቅኩም ነበር፤ ሰው መጠየቅም አፈርኩ።

ያው ዱባሽ