ቁጥሩ ልክ ሆኖ ሳለ ቡትሱ ለምን እምቢ ይላል? (ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ)

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ አንድ ጥያቄ ትጠይቁናላችሁ። «ቁጥሬን ጽፌ አዝዣለሁ። ታዲያ የባቴን ዙሪያ፣ የቁርጭምጭሚቴን ዙሪያ፣ ደግሞ እስከ ጉልበቴ ያለውን ርዝመት የምትጠይቁኝ ምን ልታደርጉበት ነው?» የተቆጣችሁም አላችሁ። እውነታችሁን ነው። የማዘዣ ቅጹን የቀየርነው ምክንያቱን ሳንነግራችሁ ነው። ይኸው አሁን እንነግራችኋለን።

የምንሸጠው ፌቲሽ ቡትስ፣ ማለትም ለወሲባዊ ስሜት የሚለበስ ቡትስ ነው። ታኮው 12፣ 15፣ አንዳንዴም 18 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። እስከ ጉልበት ወይም እስከ ጭን ይወጣል። በክር ይጠፈራል፣ ያብረቀርቃል። እንዲህ ያለውን ጫማ ሱቅ ገብቶ የመለካት ዕድል ያለው ሰው ጥቂት ነው። ዕድሉ ያለውም ቢሆን ሰው ፊት መለካቱን ያፍራል። ስለዚህ በኢንተርኔት ይታዘዛል። ሳጥኑ ይደርሳል፣ በር ይቆለፋል፣ ዚፑ ይሳባል። ባት ላይ ሲደርስ ቀጥ! በማግስቱ ሳጥኑ ወደኛ ይመለሳል።

የተመለሱትን አንድ በአንድ አይተናቸዋል። አብዛኞቹ ላይ ቁጥሩ ትክክል ነበር። ችግሩ ሰው የሚለካው መሬት ላይ ተዘርግቶ የቆመ እግሩን መሆኑ ነው። ቡትሱ ውስጥ የሚገባው ግን በጣቱ የቆመ እግር ነው። የአንድ ሰው ቢሆኑም ሁለት የተለያዩ እግሮች ናቸው ብትሉ ይሻላል።

ስለ ቁጥሩ ትንሽ እንበል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ41 ወደ 42 ሲኬድ የሚጨመረው የአንድ ሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው፤ 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ። በእንግሊዝ አቆጣጠር ደግሞ ከአንዱ ሙሉ ቁጥር ወደ ሌላው የአንድ ኢንች ሲሶ ነው፤ 8.5 ሚሊ ሜትር ገደማ። ስለዚህ ሁለቱ መቼም ቁልፍና ቀዳዳ ሆነው አይገጥሙም። ሰንጠረዡን የሚያዘጋጀው ሰው የሆነ ቦታ ላይ ማጠጋጋቱ አይቀርም። በዚያ ላይ የአውሮፓው ቁጥር የሚነሳው ከእግራችሁ ርዝመት አይደለም። ጫማው ተወጥሮ ከሚሠራበት የእግር ቅርጽ ነው። ያ ቅርጽ ለጣት መተንፈሻ ከእግር ረዘም ይላል። ምን ያህል? እንደ ሠሪው ነው። አንዱ አንድ ሴንቲ ሜትር ይተዋል፣ ሌላው ወደ ሁለት ይጠጋል። ጫፉ ሹል ከሆነ ደግሞ ሹሉ ባዶውን ይቀራል። ሁለቱም ላይ 42 ተጽፎ አንዱ ሲጠባችሁ ሌላው የሚሰፋችሁ ለዚህ ነው።

ከደንበኞቻችን ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው፤ መደበቅ አያስፈልግም። ለእነሱ ሌላም ጣጣ አለ። በአሜሪካ አቆጣጠር የሴት ቁጥር ከወንዱ አንድ ተኩል ያህል ይበልጣል። በወንድ 9 የሚያደርግ ሰው በሴት 10 ተኩል ገደማ ይሆናል ማለት ነው። የእንግሊዙ ግን በጥቅሉ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ከዚህ የባሰው ወርዱ ነው። በሴት ቅርጽ የተሠራ ቡትስ፣ ርዝመቱ እኩል ቢሆን እንኳ፣ ከወንድ ጫማ ጠበብ ይላል። ታዲያ ሰው ምን ያደርጋል? ወርድ ለማግኘት ብሎ አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ከፍ ያደርጋል።

ይህን አታድርጉ። በዝርግ ጫማ ያስኬድ ይሆናል። ረጅም ታኮ ግን ቁልቁለት ነው። ጫማው ከረዘመ እግር ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ጣቶች ጫፉ ላይ ይደራረባሉ፣ ከኋላ ተረከዙ ይለቃል። «ሰፋብኝ» እና «ጣቴን ቆረጠኝ» በአንድ ጫማ ላይ ባንድ ጊዜ ይመጣሉ። እንዲህ ብሎ የጻፈልን ደንበኛ ነበረ። መጀመሪያ የቀለደ መስሎን ነበር። አንድ ቁጥር ዝቅ ያለና ወርዱ ሰፋ ያለ ስንልክለት ነገሩ አለቀ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቆማችሁ ተረከዛችሁን ከፍ አድርጉና ባታችሁን ዳብሱት። ይቋጠራል አይደል? ይወፍራል፣ እብጠቱም ወደ ላይ ይሰበሰባል። ቡትስ ለብሳችሁ የምትውሉት በዚያ ባት ነው። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ 37 ሴንቲ ሜትር ብላችሁ ከላካችሁልን፣ በጣታችሁ ስትቆሙ 38 ተኩል ሊሆን ይችላል። ዚፕ ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም። ስለዚህ ባት የሚለካው በጣት ቆሞ ነው። ግድግዳ ያዙ፣ ሌላ ሰው ይለካላችሁ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ሜትሩን ባታችሁ ላይ ጠምጥማችሁ ከዚያ ተነሱ፤ ወፍራሙ ቦታ ላይ መሆኑን ብቻ እዩ። ቁርጭምጭሚትም ከአጥንቱ በላይ ያለው ቀጭኑ ቦታ እንዲሁ ይለካል። እዚያ ላይ የላላ ቡትስ ታኮው የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን እግርን ያወላግዳል።

በክር የሚታሰር ከሆነ ትንሽ ነፃነት አለ። ክሩ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ይሰጣል ይነሳል። ዚፕ ብቻ ያለው ግን ወይ ይዘጋል ወይ አይዘጋም። በዚፕና በክር መካከል ለሚያመነቱ ሁልጊዜ የምንመክረው ክሩን ነው። ማሰሩ ጊዜ ይወስዳል፤ እሱም የደስታው ክፍል ነው የሚሉን አሉ።

ርዝመቱም ላይ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ሻጭ የቡትሱን ቁመት ከታኮው ግርጌ ጀምሮ ይለካል። ሌላው ተረከዝ ከሚያርፍበት ጀምሮ ነው የሚለካው። ታኮው 18 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የሁለቱ ልዩነት 18 ሴንቲ ሜትር ነው! «እስከ ጉልበት» ተብሎ የታዘዘው ባት መሃል የሚቀረው፣ ወይም ጉልበት ስር እየገባ መታጠፍ የሚከለክለው ለዚህ ነው። እኛም በዚህ በኩል ንጹህ አይደለንም። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሠሪውን ሰንጠረዥ እንዳለ ገልብጠን ነበር የምንለጥፈው። ከየት እንደሚለካ እኛም አልጠየቅንም። በዚያ ምክንያት የተጉላላችሁ ይቅር በሉን። አሁን እያንዳንዱን ሞዴል እጃችን ላይ አድርገን፣ ተረከዝ ከሚያርፍበት ጀምረን ለክተነዋል።

የታኮው ቁጥርም ያታልላል። 18 ሴንቲ ሜትር ታኮ ከፊት 8 ሴንቲ ሜትር ፕላትፎርም (ከፊት እግር ስር ያለ ወፍራም ሶል) ካለው፣ እግራችሁ የሚወጣው 10 ብቻ ነው። ፕላትፎርም የሌለው 15 ግን ሙሉ 15 ነው። ፎቶው ላይ የመጀመሪያው ያስፈራል፤ እግር ላይ የሚከብደው ግን ሁለተኛው ነው። በታኮውና በፕላትፎርሙ መካከል ያለውን ልዩነት እኛ «እውነተኛ ከፍታ» እንለዋለን። የእግር ርዝመትም ይገባበታል። 13 ሴንቲ ሜትር ለ43 እግር የሚቻል ዳገት ነው። ለ36 እግር ግን ገደል ነው።

ይህን ቤት ውስጥ በነፃ መሞከር ይቻላል። ጠንካራ መጻሕፍት በእውነተኛው ከፍታ ልክ ደርድሩ። ተረከዛችሁን እላዩ ላይ፣ የፊት እግራችሁን ወለሉ ላይ አድርጋችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ። ጉልበታችሁ ሳይታጠፍ፣ ባታችሁ ሳይንቀጠቀጥ አንድ ሁለት ደቂቃ ከቆማችሁ ተስፋ አለ። ቁርጭምጭሚታችሁ እዚያ ድረስ አልታጠፍ ካለ ቡትሱም አያጥፈውም። ዝቅ ካለው ጀምሩ። የባሌ ዳንስ ጫማ የሚመስሉትን፣ እግርን ቀጥ አድርገው በጣት ጫፍ የሚያቆሙትን የምትጠይቁንም አላችሁ። እነሱ የመራመጃ ጫማ አይደሉም። ለመቀመጫና ለፎቶ ናቸው። አብዛኛው ክብደት ጣት ላይ ያርፋል። እንሸጣቸዋለን፣ ግን በግልጽ ተነጋግረን ነው።

ሌላ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ደግሞ አለ። ሁለት ሰዎች እኩል 26 ሴንቲ ሜትር እግር ሊኖራቸው ይችላል። አንዱ ጣቱ ረጅም ነው፣ የሌላው አጭር። ስለዚህ እግራቸው የሚታጠፍበት ቦታ አይገናኝም። በዝርግ ጫማ ማንም ልብ አይለውም። በረጅም ታኮ ግን መታጠፊያው አስቀድሞ ተቆርጦ ያለቀ ነው። የናንተ መታጠፊያ ከጫማው መታጠፊያ ጋር ካልገጠመ ሌላው ሁሉ ቢገጥም ዋጋ የለውም። ለዚህ ነው ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ስር ያለው ጉብታ ድረስ ለክታችሁ ላኩ የምንለው።

የእግራችሁን ስዕል በወረቀት ስታነሱ ካልሲ አውልቁ፣ እርሳሱን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ከወደ ውጭ ከተዘነበለ እግራችሁን ያሰፋዋል፤ ከወደ ውስጥ ከገባ ያጠበዋል። ሁለቱንም እግር ለኩ፣ በትልቁ እንሄዳለን። ከሰዓት በኋላ ለኩ፤ እግር ሲውል ያብጣል። ስጦታ ለመግዛት ብላችሁ የሰውየውን ወይም የሴትየዋን አሮጌ ሰንደል በስውር ለክታችሁ የምትልኩ፣ አሳባችሁ ደስ ይላል። ግን እባካችሁ ጠይቁ።

ሳጥኑ ሲደርስ ደግሞ አትቸኩሉ። ምንጣፍ ላይ፣ ልትለብሱት ባሰባችሁት ስቶኪንግ ሞክሩት። ከመልበሳችሁ በፊት ቡትሱን ጠረጴዛ ላይ አቁሙትና ከጎን እዩት። ታኮው ቀጥ ብሎ፣ ጫፉ ሙሉ በሙሉ መሬት ነክቶ መቆም አለበት። በመዳፋችሁ ተረከዙ ላይ ጫን ስትሉ ወደ ኋላ የሚሸሽ ከሆነ፣ ሶሉ ውስጥ ያለው ደጋፊ ብረት ደካማ ነው። መልሱልን፤ አትልበሱት። ለብሳችሁ ስትቆሙ የውስጥ እግራችሁ ቅስት ንጣፉን መንካት አለበት። በመካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ቅርጹ የናንተ አይደለም። ቁርጭምጭሚት ላይ ስስ መጨማደድ ያለ ነው። ወፍራም እጥፋት ካለ ግን ቁመቱ በዝቷል። አሥር ደቂቃ ተቀመጡበት፣ ትንሽ ቁሙበት። እግር ከደነዘዘ ወይም ከወረረ ወዲያው ይውለቅ። «ሲለመድ ይላላል» የሚባለው ለእውነተኛ ቆዳ በተወሰነ ደረጃ ልክ ነው፤ እሱም በወርድ እንጂ በርዝመት አይደለም። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክና አብረቅራቂ ሰው ሠራሽ ቆዳ ግን አይለምዱም። በፀጉር ማድረቂያ አሙቆ ማስፋት የሞከሩ ሰዎች የተሰነጠቀ ቡትስ ልከውልናል።

ላቴክስ (ስስ ጎማ) የገዛችሁ፣ ዘይትና ቅባት አታስነኩት። ጎማውን ይበላዋል። መዳብና ነሐስም ያጠቁሩታል፤ ቀለበታችሁን አውልቁ። አብረቅራቂ ቡትስ ስታስቀምጡ ሁለቱ እግሮች አይነካኩ፣ በጋዜጣም አትጠቅልሏቸው። ቀለሙ ይጋባል።

ስለ መመለስ፦ ሶሉ ካልተጫረና ውስጡ ንጹህ ከሆነ እንቀበላለን። ምክንያት አንጠይቅም። ልኬታችሁን ልካችሁልን እኛ የመረጥነው ቁጥር ልክ ካልሆነላችሁ ግን የመመለሻውን የፖስታ ወጪ እኛ እንችላለን። ይህ አዲስ ነው። ሳጥኑ ላይ እንደ ድሮው ምን እንዳለበት የሚናገር ጽሑፍ የለም። የላካችሁት ልኬትም ቡትሱ ልክ መሆኑን እንዳረጋገጣችሁልን ይጠፋል፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ይቀመጥልኝ ካላላችሁ በስተቀር።

ልኬት ሳትልኩ ያዘዛችሁ፣ ትዕዛዛችሁ አልተሰረዘም። መልሳችሁን እየጠበቅን ነው። ሜትር የለኝም ለምትሉ፦ ማንኛውም የማይለጠጥ ክር ጠምጥማችሁ ምልክት አድርጉበትና በማስመሪያ ለኩት፤ ይበቃናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ሳጥኖቹን የምናሽግላችሁ ሰዎች