ለልጄ፦ እሁድ ዕለት ለምን እንደወጣሁ

ልጄ፣ የጌታ ሰላም ይብዛልሽ።

እሁድ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መዝሙሩ ሳያልቅ ተነስቼ ስወጣ አይተሽኛል። መድረክ ላይ ሆነሽ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ማታ ምንም አላልሽኝም፣ እኔም ምንም አላልኩሽም። ይኸው አራተኛ ቀናችን ነው። ስለ ዝናቡና ስለ መብራት መጥፋት ብቻ እናወራለን።

ፊት ለፊት ብነግርሽ ይሻል ነበር። ግን የመዝሙር ነገር ሲነሳ እኔ ድምፄ ይጨምራል፣ አንቺን ዕንባ ይቀድምሻል፣ እናትሽ ጣልቃ ትገባለች፣ ነገሩ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን አልኩ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርሽ። በአንቺ አፍሬ አልወጣሁም። ስትዘምሪ ልቤ ይሞላል። ገና አራት ዓመትሽ ሳለ ማንኪያ እንደ ማይክ ይዘሽ ጓዳ ውስጥ ስትዘምሪ የሰማሁሽ እኔ ነኝ። ይህን እንዳትጠራጠሪ።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ። ሦስተኛው መዝሙር ላይ ነበርን። የአዳራሹ መብራት ጠፍቶ መድረኩ ላይ ያ ሰማያዊው ብቻ በርቷል። እናትሽ ከጎኔ ቆማለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ድምጿን ግን አልሰማሁም። ጆሮዬን ወደ እሷ አስጠጋሁ። ከቤዙና ከድራሙ በቀር ምንም የለም። የራሴንም ድምፅ ፈለግኩት፣ አጣሁት። ዞር ብዬ ወደ ኋላ አየሁ። ግማሹ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጽም አለ። የእኔ እኩዮች ተቀምጠው ስክሪኑን ያያሉ። ደረቴ ላይ አንድ ነገር ከበደኝ፣ ወጣሁ። ባጃጅ ይዤ ፍቅር ሐይቅ ወረድኩና ውሃው ዳር እስከ ስድስት ሰዓት ተቀመጥኩ።

የእናትሽን ድምፅ ማጣት እንዲህ ለምን እንደከበደኝ አንቺ አታውቂም። በደንብ ነግሬሽ ስለማላውቅ ጥፋቱ የኔ ነው።

እኔ መዝሙር የለመድኩት በሹክሹክታ ነው። በደርግ ጊዜ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ነበር። በየቤቱ ስምንትም አስርም ሆነን እንሰበሰባለን። አንድ ላይ አንገባም፣ አንድ ላይም አንወጣም። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ እንሰቅላለን። የምናጨበጭበው በሁለት ጣት ነበር፣ የቀበሌ ሰው እንዳይሰማን። መዝሙሮቹን በደብተር እየገለበጥን እንቀባበላለን፣ ደብተሩን የበቆሎ ማዳበሪያ ስር እንደብቃለን። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት የታሰረው በዚያ ዘመን ነው። የእሱን መዝሙሮች ስንዘምር ዘማሪው እስር ቤት እንዳለ እያወቅን ነበር።

ድምፃችን ዝቅ ያለ ስለነበር እያንዳንዱ ሰው ይሰማ ነበር። ማን እንደመጣ ማን እንደቀረ በጨለማ እናውቃለን። ባሏ የታሰረባት አንዲት እህት ነበረች። መሃል ላይ ስትደርስ ትቆማለች፣ መቀጠል ያቅታታል። እኛ ከቆመችበት እንቀበላትና እንጨርስላታለን። በሚቀጥለው ጊዜም እዚያው ቦታ ትቆማለች፣ እኛም እዚያው እንቀበላታለን። አንድ ማታ ከበሩ በኩል የማላውቀው ድምፅ ሰማሁ። ኩራዙ ከፊታችን ነበርና ፊቷ አይታይም። እናትሽ ነበረች። መልኳን ከማየቴ በፊት ድምጿን አወቅኩት።

እሁድ ዕለት ያጣሁት ያንን ነው።

ሌላም ነገር አለ፣ እሱን ለመጻፍ የበለጠ ይከብደኛል። በ1983 ደርግ ወደቀ፣ እኛም ከየቤቱ ወጣን። አጥቢያችን በቆርቆሮ አዳራሽ ጀመረች። ብር አዋጥተን ኪቦርድ ገዛን፣ ቀጥሎ ድራም። እኔ ኳየር ውስጥ ነበርኩ፣ እንደ አንቺ ልቤ የጋለ። አንድ ሽማግሌ ወንጌላዊ ነበሩን፣ ለብዙ ዓመት በእግራቸው ገጠር ለገጠር የሰበኩ። ኪቦርዱ የተመረቀ ቀን መዝሙሩ ሲጀመር ኮታቸውን አንስተው ወጡ። እኛ ጎረምሶቹ መንፈስ አልገባቸውም አልን። አጥባቂ ናቸው አልን። ለምን እንደወጡ የጠየቃቸው የለም። እኔም አልጠየቅኋቸውም። ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ያንኑ ኪቦርድ ይዘን ሄደን ዘመርን።

ውሃው ዳር ተቀምጬ ያሰብኩት እሳቸውን ነው። አንቺ እንደ እኔ ሳትጠይቂ እንድትቀሪ አልፈለግኩም። ይህ ደብዳቤ ለዚያ ነው።

እንግዲህ እንዳትሳሳቺብኝ። ነገሩ የድራም ነገር አይደለም። መዝሙረ ዳዊት መጨረሻው ላይ ከበሮም ጸናጽልም ይጠራል። ይህ ከተማ ራሱ ምን እንዳየ ታውቂያለሽ? በ1950ዎቹ የስዊድን ፊላደልፊያ ሚስዮን እዚሁ ሐዋሳ በክረምት የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ከየቦታው የመጡ ተማሪዎች እዚህ በመንፈስ ቅዱስ ተነክተው ነው እሳቱን ይዘው የተመለሱት። ጭብጨባቸውንና ጮክ ብለው መጸለያቸውን ያልወደዱ የቀደሙ አማኞች ነበሩ። ያ ጭብጨባ ባይኖር እኔም አንቺም እዚህ ባልቆምን።

ደግሞ ከፊት የሚቆሙትን ልጆች አያለሁ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ሳምንቱን ሙሉ ማሽን ላይ ውለው የሚመጡትን ማለቴ ነው። ከገጠር ከእናታቸው ተለይተው አራት አምስት ሆነው አንዲት ክፍል የተከራዩ ናቸው። አንቺ ስትዘምሪ ሲዘሉ ድካማቸው ከላያቸው ሲራገፍ ይታየኛል። ይህን የሰጠሻቸው አንቺ ነሽ። ከእነሱ ላይ እንዲቀነስ አልፈልግም።

ዕዝራ ምዕራፍ 3ን አንብቢው። የአዲሱ ቤተ መቅደስ መሠረት ሲጣል የቀድሞውን ቤት ያዩ ሽማግሌዎች ጮክ ብለው አለቀሱ፣ ሌላው ሕዝብ በደስታ እልል አለ። የደስታው ድምፅ ከለቅሶው ሊለይ አልቻለም ይላል። ለቅሶው ይሰማ ነበር ማለት ነው። ማንም ዝም በሉ አላላቸውም።

እኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ለቅሶ ቦታ አጥቷል። ያለፉትን ሁለት ወራት መዝሙሮች አስቢያቸው። ስለ ከፍታ፣ ስለ በር መከፈት፣ ስለ ጠላት ማፈር። «እኔ» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ቁጠሪ። ስለ መስቀሉ የሚናገረውን ፈልጊ። ከመዝሙረ ዳዊት ሲሶ የሚያህለው እንጉርጉሮ ነው። ዳዊት እስከ መቼ ትረሳኛለህ ብሎ እግዚአብሔርን ይጠይቃል። እኛ ይህን የምንዘምርበት ቀን የለንም። ባለፈው ወር ልጇን የቀበረችው ጎረቤታችን በሳምንቷ መጥታ ነበር። ጥቁሯን ለብሳ ከኋላ ቆመች። አንቺ ከመድረክ «ዝም ብሎ የቆመ አለ? ዝለሉ!» አልሽ። አላየሻትም፣ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። እናትሽ ቤቷ ሄዳ አብራት ዘምራለች።

ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮችም አሉ። መዝሙሩን የምታነሺበት ኪይ፣ የዜማው ከፍታ ማለቴ ነው፣ ለአንቺ ድምፅ ያምራል፣ ለእኛ ግን ሰማይ ነው። ሁለት ቶን ዝቅ ብታደርጊው ወንዶቹ ከመጮህ ወይም ዝም ከማለት ይተርፋሉ። በየሳምንቱ ሁለት ሦስት አዲስ መዝሙር ታመጣላችሁ። አንዱን ለአንድ ወር ብትደጋግሙት ማንበብ የማይችሉት እናቶች በቃላቸው ይይዙታል። ስክሪኑ ለእነሱ ምንም አይደለም። ያቺ ጆሮሽ ላይ የምታደርጊያት ማዳመጫ፣ ሞኒተርስ የምትሏትስ? አንድ ቀን አውልቀሽ ምን እንደሚሰማሽ እይ። እኛ እርስ በርሳችን አንሰማማም፣ አንቺም እኛን አትሰሚም። ታዲያ ማን ከማን ጋር ነው የሚዘምረው?

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። በእያንዳንዱ እሁድ አንድ መዝሙር ብቻ፣ ወይም አንድ አዝማች፣ መሣሪያው ሁሉ ዝም ይበል። መብራቱ ይብራ። አንቺ ጀምሪልንና ማይኩን ዝቅ አድርጊው። መጀመሪያ ሰው ይደነግጣል፣ ጉሮሮውን የሚጠርገው ይበዛል። ቁሚና ጠብቂው። ድምፁ ይመጣል።

ባትችዪ፣ ወይም የአምልኮ ክፍሉ እሺ ባይል፣ ከቤተ ክርስቲያን አልቀርም። እንደዚያ ብዬ አላስፈራራሽም። እሁድ ከእናትሽ ጋር እዚያው ወንበራችን ላይ ታገኚኛለሽ፣ እስከ መጨረሻው።

ደብተሯን ጠረጴዛሽ ላይ አስቀምጬልሻለሁ። ያቺ ከማዳበሪያው ስር የነበረችው ናት። ገጾቿ ስለተላቀቁ ቀስ እያልሽ ግለጪ። በቀይ እስክሪብቶ የተጻፉት የእናትሽ ናቸው፣ ዜማቸውን እሷን ጠይቂያት።

አባትሽ
ከሐዋሳ