ከቀጣዩ ካሜራ የምንጠብቀው ከሶኬት ርቆ መዋልን ነው

ይድረስ ለክቡር ዋና አዘጋጅ፤

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ስለ መጪዎቹ የሙያ ካሜራዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው የካኖን አር ፋይቭ ማርክ ቱ ተከታይ ሲመጣ የሜጋፒክስሉ ቁጥር እስከምን እንደሚያድግ፣ በሰከንድ ስንት ፎቶ እንደሚያነሣና ቪዲዮው ከስምንት ኬ ያልፍ እንደሆነ በሰፊው አትተዋል፤ ብዙ የደከሙበት መሆኑም ያስታውቃል። ይሁን እንጂ ካሜራውን በትከሻቸው አንግተው ከደሴ ግሼን፣ ከወልድያ ላሊበላ፣ ከኮምቦልቻ ባቲ የሚመላለሱ ባለሙያዎች ከአዲሱ ሞዴል የሚጠብቁት ነገር በጽሑፉ ውስጥ ቦታ አላገኘም። እኔ ደሴ ከተማ ፎቶ በማንሣት የምተዳደር ሰው ነኝ። በዚህ ዋጋ የሚሸጥ ካሜራ በመጀመሪያ ሊመዘን የሚገባው ከመብራትና ከጥገና ቤት ርቆ ምን ያህል ሥራ ይሠራል በሚለው ነው ብዬ ስለማምን፣ ምክንያቴን እንድገልጽ ይፈቀድልኝ።

ካኖን የመጀመሪያውን ፋይቭ ዲ እ.ኤ.አ. በ2005 ካወጣ ወዲህ ማርክ ቱ በ2008፣ ማርክ ስሪ በ2012፣ ማርክ ፎር በ2016 ተከታትለው መጡ፤ መስታወት አልባው አር ፋይቭ በ2020፣ ማርክ ቱው ደግሞ በ2024 ወጣ። ኩባንያው ልማዱን ካልለወጠ በስተቀር ተከታዩን ከ2028 በፊት መጠበቅ ችኮላ ይመስለኛል፤ ስለዚህም ምኞትን ለመናገር ጊዜው አልረፈደም። የሜጋፒክስሉን ነገር በተመለከተ ግን እኔ ጉጉቱ የለኝም። በ12.8 ሜጋፒክስል የተጀመረው መስመር በማርክ ፎር 30.4፣ በአር ፋይቭ 45 ደርሶ በ2024ቱ ሞዴልም እዚያው 45 ላይ መቆሙ በራሱ የሚናገረው ነገር አለ። የማርክ ፎር ፋይል ምንም ሳይነካካ በጥሩ የኅትመት ጥራት 57 በ38 ሴንቲ ሜትር ያህል ይታተማል፤ ትንሽ ርቆ ለሚታይ የሳሎን ፎቶ ደግሞ ከዚህ እጥፍ ቢለጠጥም ማንም ጉድለቱን አያይም። ሙሽሮቹም ቢሆኑ አልበሙ እስኪደርስ ድረስ የሚጠይቁት በቴሌግራም የሚላክላቸውን ነው። ከ45 በላይ የሚጨመረው ቁጥር ለእኛ የሚያተርፈው የሃርድ ዲስክ ወጪን ብቻ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ካኖን ራሱ ባሳተመው መግለጫ ማርክ ፎር በአንድ ባትሪ 900 ያህል ፎቶ ያነሣል፤ አር ፋይቭ ግን በዓይን መመልከቻው ሲሠራ 320 ያህል ብቻ ነው። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም፤ በቀድሞው ካሜራ የምናየው በመስታወትና በፕሪዝም በኩል የሚመጣውን ብርሃን ራሱን ስለሆነ መመልከቱ ኤሌክትሪክ አያስወጣም ማለት ይቻላል። በአዲሱ ግን ገና ሳናነሣ፣ ቦታ ስንመርጥና ሰው እስኪዘጋጅ ስንጠብቅ ሁሉ ሴንሰሩ (ብርሃኑን ወደ ምስል የሚለውጠው ክፍል) እና ትንሿ ስክሪን ይሠራሉ። በእርግጥ መለኪያው በፎቶና በፎቶ መካከል ረጅም ጊዜ እየሰጠ ስለሚቆጥር፣ ሠርግ ላይ ደጋግሞ ለሚተኩስ ሰው ከተጻፈው በላይ ይሄዳል፤ ይህን መካድ አይገባም። የእኛ ሥራ ግን አብዛኛው መጠበቅ ነው። ለመስከረም 21 ግሼን የሚወጣ ሰው በዋዜማው አቀበቱን ጨርሶ፣ ሌሊቱን ከማኅሌቱ ጋር አድሮ፣ ታቦቱ ወጥቶ እስኪገባ ድረስ ካሜራውን ከእጁ አያወርድም። እዚያ ላይ ሶኬት ሲገኝ ወረፋው የስልክ ነው፤ ከጄነሬተር ዘርግቶ የሚያስሞላ ሰውም ስልኮቹን በየመስመራቸው ደርድሮ ስለሚቆጥራቸው፣ ለካሜራ ባትሪ ቻርጀር ቦታ መለመን እንግዳ መሆን ነው።

ብርዱ ሌላው ነው። የሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው ኃይል እንደሚቀንስ የታወቀ ነው፤ በገና ሌሊት ላሊበላ የቆመ ሰው ግማሽ ላይ የነበረው ምልክት በድንገት ወደ ቀዩ ሲወርድ ማየቱ የተለመደ ነው። ልምድ ያላቸው የሙያ ጓደኞቼ ትርፍ ባትሪያቸውን በቦርሳ አያስቀምጡም፤ ከጋቢው ሥር በደረት ኪሳቸው ከሰውነታቸው ጋር ያሞቁታል፤ የደከመ የመሰለውንም አውጥተው በሞቀው ይተኩትና ቀዝቅዞ የወጣው ተራውን ኪስ ገብቶ ጥቂት ፎቶ እንዲጨምርላቸው ያደርጋሉ። ይህን ያህል ውድ የሆነ መሣሪያ እንዲህ ያለ እንክብካቤ ሲሻ ትንሽ ያስተዛዝባል።

ካኖን ለረጅም ዘመን በአንድ ነገር ሲመሰገን የኖረው በባትሪው ቅርጽ ነበር። በ2008 ከፋይቭ ዲ ማርክ ቱ ጋር የመጣው ኤል ፒ ኢ ሲክስ፣ ፊደል እየተጨመረበት ቢሻሻልም፣ ከሞዴል ሞዴል ይተላለፍ ስለነበር አዲስ ቦዲ የገዛ ሰው የቆዩ ባትሪዎቹን ይዞ ይቀጥል ነበር። በ2024 ግን ኤል ፒ ኢ ሲክስ ፒ የተባለው መጣ፤ ቅርጹ ያው ቢሆንም፣ ከእሱ በፊት የነበረውን ባትሪ በአር ፋይቭ ማርክ ቱ ውስጥ ያስገባ ሰው አንዳንድ አገልግሎቶች ይገደቡበታል። አዲሱ ሴንሰርና ፕሮሰሰር ብዙ ኃይል ስለሚፈልጉ ነው መባሉ ይገባኛል፤ ሆኖም ፍላጎቱ ሲያድግ የባትሪው ጉድጓድ አብሮ አላደገም። የእኔ የመጀመሪያ ምኞት እንግዲህ ግልጽ ነው፤ ቀጣዩ ሞዴል መቶ ግራም ይክበድ፣ መያዣው ይወፍር፣ ግን አንድ ባትሪ ቢያንስ የማርክ ፎርን ያህል ያውለን። ካሜራ ቀጭን እንዲሆን የሚመኘው ከኪሱ የሚያወጣው ሰው ነው፤ ባለ 70-200 ሌንስ ለያዘ ሰው መቶ ግራም ከቁጥር አይገባም። ከዚህም ጋር በዩኤስቢ ሲሞላ የተለየ ኃይለኛ ቻርጀር መምረጡን ትቶ፣ ቀስ ብሎም ቢሆን ከማንኛውም የስልክ ቻርጀርና ከትንሽ የፀሐይ ፓነል ቢሞላ፣ ከአውራ ጎዳና ርቀው ለሚሠሩ ሁሉ ትልቅ እፎይታ ይሆናል።

ስለ ብርሃን ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ሴንሰሩ ይሻሻል ከተባለ መሻሻል ያለበት በዚህ በኩል ነው። በላሊበላ ቤተ ማርያም ውስጥ መስኮቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ በጣሪያና በቅስቶቹ ላይ ያሉት ሥዕሎች ደግሞ ፍላሽ የሚተኮስባቸው ዕቃዎች አይደሉም፤ ለሚጸልየውም ሰው ነውር ነው። እዚሁ ወሎ፣ ጀማ ንጉሥ ላይ መውሊድ ሲከበር ሌሊቱን በመንዙማ የሚያድረውን ሕዝብም በፍላሽ ማቋረጥ አይቻልም። ስለዚህ አይ ኤስ ኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት፣ ከፍ አድርጎ በጨለማው ራሱ መሥራት ግድ ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን የገና ጠዋት ቤዛ ኩሉ ነው። ካህናቱ በማሜ ጋራ ጫፍ ላይ ነጭ ለብሰው ተሰልፈው ሲወዛወዙ የደጋው ፀሐይ ነጩ ላይ ያርፋል፤ ከታች በግቢው ውስጥ ሆነው የሚቀበሉት ደግሞ ገና በዓለቱ ጥላ ውስጥ ናቸው። ለነጠላው ስትለኩ የታችኞቹ ፊት ይጠቁራል፤ ለፊቱ ስትለኩ የላዩ ጥልፍና ጥምጥም ተቃጥሎ ባዶ ነጭ ይሆናል፤ ባዶ ነጭ የሆነውንም ምንም ሶፍትዌር አይመልሰውም። አሁን የምናደርገው ነጩን አትርፈን ጥላውን በኋላ በኮምፒውተር ማንሣት ነው፤ ያን ጊዜም ጠይም ፊት ላይ የሚወጣው ነቁጥና የቀለም መዛባት ምስሉን ያበላሸዋል። ቀጣዩ ሴንሰር ከፍጥነት ይልቅ በዚህ በጥላ በኩል ንጹሕ ሆኖ ቢመጣ፣ ለእኔ በሰከንድ ሠላሳ ፎቶ ከማንሣት እጅግ ይበልጥብኛል።

ጸሐፊው ቀጣዩ አር ፋይቭ ሜካኒካል ሹተሩን፣ ማለትም በሴንሰሩ ፊት የሚከፈትና የሚዘጋውን መጋረጃ፣ ጥሎ ይመጣል የሚል ተስፋ ገልጸዋል፤ እዚህ ላይ ከእሳቸው ጋር አልስማማም። ኒኮን በ2021 በዜድ ናይን፣ በ2023 ደግሞ በዜድ ኤይት ሹተሩን አውጥቶታል፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ባነሰ ቁጥር የሚሰበር ማነሱም እውነት ነው። ሆኖም ኤሌክትሮኒክ ሹተር ምስሉን የሚያነበው መስመር በመስመር ስለሆነ፣ በፍጥነት ብልጭ ድርግም በሚሉ ርካሽ የኤልኢዲ መብራቶች ሥር የሙሽራዋ ቬሎ ላይ አግድም ሰንበር ያወጣል። አዳዲሶቹ ፈጣን ሴንሰሮች ችግሩን አቅልለውታል፤ አላጠፉትም። የሠርግ አዳራሾቻችን ባለቀለም መብራት ምን ዓይነት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በዚያ ላይ አር ፋይቭ ሲጠፋ ሹተሩ ተዘግቶ ሴንሰሩን እንዲጋርድ ማድረግ ይቻላል፤ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ ግመሎቹ አቧራውን እያስነሡ ሌንስ መቀየር የግድ ሲሆን ዋጋውን ያን ጊዜ ታውቁታላችሁ። ኒኮን ለዚሁ ሲባል የተለየ መከለያ እንዳደረገለት አልዘነጋሁም። ደግሞም የማርክ ፎር ሹተር ለ150 ሺህ ፎቶ የተፈተነ ሲሆን የአር ፋይቭ ለ500 ሺህ ነው፤ የአንድ ከተማ ባለሙያ ይህን ለመጨረስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። እንዲህ የጠነከረውን ነገር አሁን ማውጣት ምን እንደሚያተርፍ አይታየኝም። ቢበላሽ እንኳ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ላይ የሚጠገነው ሹተር ነው እንጂ፣ ሴንሰር ተበላሸ ከተባለ ያው ካሜራው አለቀ ማለት ነው።

ካርዱን በተመለከተ፣ አንዱ ቀዳዳ ውድ የሆነውን ሲኤፍ ኤክስፕረስ መጠየቁ ቀርቶ ሁለቱም ኤስዲ ቢሆኑ እመርጣለሁ፤ ኤስዲ ካርድ ስልክ ቤት ሁሉ አለ። የአር ፋይቭ ሜኑ በሃያ ዘጠኝ ቋንቋ ይነበባል፤ አማርኛ ግን ከእነዚህ አንዱ አይደለም። የባለቤትነት ስማችንን በፋይሉ ውስጥ በፊደላችን መጻፍ እንኳ አንችልም። ይህ አዲስ ሴንሰር የማይጠይቅ፣ በሶፍትዌር ብቻ የሚፈታ ነገር ነው።

ዋጋውን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ማርክ ፎር ሲወጣ 3,499፣ አር ፋይቭ 3,899፣ ማርክ ቱው 4,299 ዶላር ነበር፤ በየሞዴሉ አራት መቶ ዶላር እየተጨመረ መሄዱን ያየ ሰው ቀጣዩን 4,700 ግድም ቢጠብቅ አይፈረድበትም። አር ፋይቭ ማርክ ቱ ይፋ የሆነው ሐምሌ 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲሆን፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው በዚያው ወር በ22 ነው። በመጀመሪያው ቀን በባንክ ምንዛሪ 245 ሺህ ብር ገደማ የነበረው ካሜራ፣ ዶላሩ ከመቶ ብር ሲያልፍ ቀረጥና ትርፍ ሳይታሰብ 430 ሺህ ተሻገረ። የሠርግ ዋጋችን ግን በዚያው ልክ አላደገም፤ ሙሽሮቹም ደመወዛቸው በብር ነው። ለዚህ ነው ሌንሱ ጉዳይ የሚሆነው። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የተሠሩት የቀድሞዎቹ የኢኤፍ ሌንሶች በአዳፕተር በአር ካሜራዎች ላይ ደህና አድርገው ይሠራሉ፤ ለዚህ ካኖን ምስጋና ይገባዋል። በአዲሱ አር ኤፍ በተባለው የሌንስ መግጠሚያ አፍ ግን ሌሎቹ ሌንስ አምራቾች ሲግማና ታምሮን በ2024 እንዲገቡ ሲፈቀድላቸው የተጀመረው በአነስተኛው ሴንሰር ሌንሶች ነበር። የአር ፋይቭ ተከታይ በሚወጣበት ጊዜ ይህ በር እንደ አር ፋይቭ ላሉት ባለ ትልቅ ሴንሰር ካሜራዎች ለሚሆኑት የፉል ፍሬም ሌንሶች ወለል ብሎ ቢከፈት፣ የካሜራው ዋጋ ቢጨምርም አጠቃላይ ወጪያችን ሊቀንስ ይችላል።

ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የሙያ ካሜራ ስትገመግሙ ከሜጋፒክስሉና ከፍጥነቱ አጠገብ ሁልጊዜ በአንድ ባትሪ የሚያነሣውን ብዛት፣ የቆየ ባትሪና ሌንስ ይቀበል እንደሆነና የት እንደሚጠገን አብራችሁ ጻፉ። አስመጪዎችም የሚያነቡት ይህንኑ ዓምድ ስለሆነ ጥያቄው ከእኛ አልፎ ለአምራቹ የሚደርስበት መንገድ ይኖራል። እኔ በበኩሌ አዲሱ ሞዴል ሲወጣ መግለጫውን ከባትሪው ገጽ ጀምሬ አነባለሁ። ያ ገጽ 900ን የሚጠጋ ካልሆነ፣ ገንዘቤን ሰብስቤ ያገለገለ የመጀመሪያውን አር ፋይቭ ከአራት ትርፍ ባትሪ ጋር እገዛበታለሁ፤ የተረፈውም ለሌንስ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ፎቶግራፍ አንሺ፣ ከደሴ