ግራናዳን በሁለት ቀን፦ መጀመሪያ የአልሃምብራ ሰዓት ይያዝ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስፔን ውስጥ ለሚማሩ ወጣቶች ስለ ቅዳሜና እሁድ ጉዞ ስትጽፉ ግራናዳን ማንሳታችሁ ደግ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲዋ እ.ኤ.አ. በ1531 የተመሠረተ፣ ከውጭ የሚመጣ ተማሪ የማይጠፋባት፣ መሀሏ በእግር የሚዳረስ ከተማ ናት። ቅር ያሰኘኝ ዝነኛውን የነገሥታት ግቢዋን በተመለከተ «አርብ ማታ ተሳፍሮ ቅዳሜ አልሃምብራን ማየት» እንደ ቀላል ነገር መቀመጡ ነው። በዚህ ምክር የሚነሳ ተማሪ መጀመሪያ የባቡር ቲኬት ይቆርጣል፣ ቀጥሎ መኝታ ይይዛል፤ አልሃምብራ ግን በር ላይ ደርሶ የሚከፍልበት ቦታ ይመስለዋል። በር ላይ ሲደርስ የዛሬው አልቋል ይባላል። እባካችሁ ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁ ጻፉት። መጀመሪያ የአልሃምብራ ሰዓት ይያዝ፣ ከዚያ መጓጓዣው፣ ከዚያ መኝታው። ቲኬት ያልተገኘበት ሳምንት ከሆነ ጉዞው ራሱ ለሌላ ሳምንት ቢተላለፍ ይሻላል።

ምክንያቱን ላስረዳ። አልሃምብራ በኮረብታ ላይ የተዘረጋ ትልቅ ግቢ ነው፤ በውስጡ ምሽግ፣ የአትክልት ስፍራና ቤተ መንግሥታት አሉ። ሰው ከዓለም ዙሪያ የሚመጣው ግን በተለይ የግራናዳ የመጨረሻዎቹ ሙስሊም ገዥዎች፣ የናስሪድ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት፣ የኖሩባቸውን ቤተ መንግሥታት ለማየት ነው። የእነዚህ ግድግዳ በጄሶ ላይ የተቀረጸ፣ ጣሪያው ከእንጨት የተገጣጠመ፣ መተላለፊያው ጠባብ ነው። በእጅ ንክኪና በትንፋሽ እርጥበት እንዳይጎዳ በየግማሽ ሰዓቱ የሚገባው ሰው ቁጥር በ300 ተወስኗል። በጸደይና በመጸው ወራት የቅዳሜና እሁድ ቲኬት ከሳምንታት በፊት ያልቃል። በተባለው ሰዓት ያልተገኘ ሰው ቤተ መንግሥቱን አያይም፣ ገንዘቡም አይመለስለትም።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው በቲኬቱ ዓይነት ነው። ሙሉው የቀን ቲኬት ሁሉንም ያካትታል፤ ዋጋው 20 ዩሮ አካባቢ ነው። ከእሱ ጎን ረከስ ያለ የአትክልት ስፍራ፣ የሄኔራሊፌ (የነገሥታቱ የበጋ ማረፊያና አትክልት) እና የአልካሳባ (የምሽጉ) ቲኬት ይሸጣል፤ ይህኛው የናስሪድ ቤተ መንግሥታቱን አይጨምርም። ሙሉው ባለቀበት ቀን ይኼኛው ስለሚገኝ ሰው ደስ ብሎት ይገዛና ከበሩ ይመለሳል። ስለዚህ ከመክፈል በፊት «ፓላሲዮስ ናሳሪዬስ»፣ የናስሪድ ቤተ መንግሥታት፣ የሚለው ጽሑፍና ከአጠገቡ የመግቢያ ሰዓት መኖሩ ይታይ። ሰዓት ያልተጻፈበት ቲኬት ወደ ቤተ መንግሥታቱ አያስገባም። ግዢው አልሃምብራን በሚያስተዳድረው ተቋም በራሱ ድረ ገጽ ይሁን፤ ሌሎች ሻጮች አስጎብኚ ጨምረው በብዙ እጥፍ ይሸጡታል። ሙሉው ቢያልቅ የቤተ መንግሥታቱ የሌሊት ጉብኝት ለብቻው አለ፣ ሰው የሰረዘውም ቲኬት አልፎ አልፎ ተመልሶ ይወጣል፤ በየዕለቱ ገባ ብሎ ማየት ያዋጣል።

ቲኬቱ በስም ነው። የስፔን ቅጽ ሁለት የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ የእኛ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይጋባና የአባቱን ስም አንዴ ከራሱ ስም ጋር፣ አንዴ ለብቻው ይጽፈዋል። በፓስፖርቱ ላይ እንደሰፈረው፣ ፊደሉ ሳይለወጥ፣ የሰነዱም ቁጥር ሳይሳሳት ይሞላ። በመግቢያውም፣ በቤተ መንግሥታቱም በር ላይ ሰነድ ይጠየቃል፤ ፓስፖርቱ ወይም የተማሪ መኖሪያ ካርዱ ራሱ መያዝ አለበት እንጂ በስልክ የተነሳ ፎቶው አይታመንበትም። ይኸው ሰነድ ለማደሪያም ያስፈልጋል፣ ስፔን ውስጥ እንግዳ ሳይመዘገብ አያድርምና።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ሰዓቶች ቲኬቱ ላይ እንደሚታተመው በስፔን አቆጣጠር ናቸው፤ 10:30 ማለት በእኛ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ነው። በዚህ ብቻ ስድስት ሰዓት መሳት ይቻላል።

የትኛው ሰዓት ይመረጥ? በእኔ እምነት ለቤተ መንግሥታቱ 10:30 ወይም 11:00 ጥሩ ነው። ግቢው በ8:30 ይከፈታል። ቤተ መንግሥታቱና ሄኔራሊፌ በግቢው ሁለት ጫፍ ስለሚገኙ በመካከላቸው ሩብ ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ ቀጠሮውን የሚያስቱትም ይህን ርቀት ሳያስቡ ሄኔራሊፌ ውስጥ የሚዘገዩ ናቸው። በ8:30 በላይኛው በር ገብቶ ሄኔራሊፌን ገና ሰው ሳይበዛበት ማየት፣ ከዚያ በግቢው ውስጥ እየወረዱ ከናስሪድ ቤተ መንግሥታቱ አጠገብ ወዳለው የካርሎስ አምስተኛ ቤተ መንግሥት መድረስ፣ ከቀጠሮው 20 ደቂቃ ቀድሞ ሰልፍ መያዝ፣ ምሽጉን አልካሳባን ለመጨረሻ ማቆየት። አልካሳባና ሄኔራሊፌ የሚገባባቸው አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ወጥቶ መመለስ የለም። ተቃራኒውን መንገድ የሚሄድ ሰው በቀትር ፀሐይ ሽቅብ ይወጣል።

ቤተ መንግሥታቱ ውስጥ ከገቡ በኋላ ውጡ የሚል የለም፤ ሰዓቱ የመግቢያ እንጂ የመውጫ አይደለም። ይህን ባለማወቅ ሰው በ20 ደቂቃ አቋርጦ ይወጣል። እዚህ ጋ ቸኩሎ ያለፈ ግራናዳን አየሁ ባይል ይሻላል። ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ ማንበብ ይገባል፦ ከታች ቀለም ያለው ሸክላ፣ መሀሉ ላይ ጽሑፍና ሐረግ የተቀረጸበት ጄሶ፣ ከላይ እንጨት። «ከአላህ በቀር አሸናፊ የለም» የሚለው የናስሪዶች መፈክር በአረብኛ ደጋግሞ ተቀርጿል፤ አንዴ ቅርጹን የለየ ሰው ከዚያ በኋላ በየግድግዳው ያገኘዋል። በኮማሬስ አዳራሽ ያለው ጣሪያ ከ8,000 በላይ የእንጨት ቁርጥራጮች የተገጣጠሙበት ነው፤ ከግድግዳው ሥር ቆሞ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ መጠበቅ ያስፈልጋል። በአንበሶቹ አደባባይ ደግሞ 12 የእብነ በረድ አንበሶች የተሸከሙት ፏፏቴ አለ፤ በዙሪያውም የናስሪዶቹ ገጣሚ ኢብን ዛምራክ የገጠመው ግጥም ተቀርጿል። ውሃው የሚመጣው ከላይ ከዳሮ ወንዝ ተጠልፎ፣ በኮረብታው ወገብ በተቆፈረ ቦይ በስበት ብቻ እየወረደ ነው። ሄኔራሊፌን ቀድሞ ያየ ሰው ቦዩ ሲያልፍ አይቶታልና አደባባዩ ላይ የሚፈሰው ውሃ ከየት እንደመጣ ያውቃል።

ወደ ግቢው አወጣጥ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቲኬቱ በስልክ ላይ ካለ ወደ ቲኬት መሸጫው መውጣት ግድ አይደለም። ከመሀል ከተማው አደባባይ ከፕላሳ ኑዌቫ ኩዌስታ ዴ ጎሜሬስ በሚባለው መንገድ ሽቅብ በዛፎች ጥላ 20 ደቂቃ ገደማ ሄዶ በፍትሕ በር መግባት ይቻላል፤ በቀጥታ ወደ ቤተ መንግሥታቱ ለሚሄድ ይህ ያሳጥራል። በሄኔራሊፌ ለሚጀምር ግን ከፕላሳ ኢሳቤል ላ ካቶሊካ የሚነሳው ትንሹ አውቶብስ ሲ 30 ላይኛው በር ያደርሳል። ትልቅ ቦርሳ ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ ትንሹም ከፊት ይታዘላል። ቲኬት ያላገኘ ሰው ቢያንስ የፍትሕን በርና ክብ አደባባይ ያለውን የካርሎስን ቤተ መንግሥት ያለ ክፍያ ማየት ይችላል።

ስለ መጓጓዣ ብዙ አልልም። ከማድሪድ ፈጣኑ ባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል፤ መስመሩ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፣ በቀን የሚነሱት ግን ጥቂት ናቸው። አውቶብስ አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ ብዙውን ጊዜ ይረክሳል። ከሴቪያ በአውቶብስ ሦስት ሰዓት ነው። የአውቶብስ ጣቢያው ከመሀል ከተማ ይርቃል፤ የከተማ አውቶብስ መያዝ ይሻላል፣ ሜትሮው በአሮጌው ሠፈር አያልፍምና። ከባቡር ጣቢያው ግን በእግር መግባት ይቻላል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለካቴድራሉና ከጎኑ ላለው የነገሥታት ጸሎት ቤት ይዋል፤ ካቴድራሉ እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ስላለ ለጎብኚ ዝግ ነው። በጸሎት ቤቱ እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 1492 ከተማዋን ከናስሪዶች የተረከቡት የስፔን ነገሥታት ኢሳቤልና ፈርናንዶ ተቀብረዋል። ከላይ የሚታየው የእብነ በረድ ሐውልት ነው፤ በጠባቡ ደረጃ ወደ ታች ሲወረድ ያለ ጌጥ የተቀመጡት የእርሳስ ሣጥኖች ይታያሉ። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። በዚያ አካባቢ የሮዝመሪ ቅጠል እንደ ስጦታ የሚዘረጋ እጅ ቢመጣ ባይቀበሉት ይሻላል፤ ተቀባዩ ገንዘብ ይጠየቃል።

ማታ ግራናዳ የተማሪን ኪስ ታከብራለች። አንድ መጠጥ ያዘዘ ሰው ታፓ የሚባል ትንሽ ሳህን ምግብ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይቀርብለታል፤ ለስላሳ ላዘዘም ቢሆን። ሁለት ሦስት ቤት የዞረ ራቱን በላ ማለት ነው። ታፓውን የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ቤቱ ስለሆነ የአሳማ ሥጋ የማይበላ ወይም የሚጾም ሰው መጠጡን ሲያዝ አብሮ መናገር አለበት። «ሲን ካርኔ»፣ ያለ ሥጋ፣ ማለት ብቻ አይበቃም፤ ብዙ አስተናጋጅ ሃሞን የሚባለውን የደረቀ የአሳማ ሥጋ ከሥጋ አይቆጥረውም። «ኒ ካርኔ ኒ ሃሞን» ሲባል ይገባዋል። ወጥ ቤቱ ለራት የሚከፈተው አምሽቶ፣ ከ20:30 በኋላ ነው፤ በ18:00 የራበው ሰው የሚያገኘው ጥቂት ነው።

እሁድ ጠዋት የአልባይሲን ነው። ይህን አሮጌ ሠፈር ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1994 ቀድሞ በተመዘገበው አልሃምብራ ላይ ጨምሮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። መንገዱ በትንንሽ ጠጠር የተነጠፈ ገደል ነው፤ ባለ ጎማ ሻንጣ ይዞ እዚያ ማደሪያ መያዝ መከራ ነው፣ በዝናብም ያንሸራትታል። ሳን ኒኮላስ ወደሚባለው መመልከቻ አመሻሽ ላይ የሚጎርፈው ሰው ብዛት ለማየትም አይመችም፤ በማለዳ አልሃምብራን ከነሴራ ኔቫዳ ተራራ በረዶ ጸጥ ብሎ ማየት ይቻላል። ከተማዋ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች በአውሮፓ ክረምት፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ጠዋቱ ይቀዘቅዛል፤ የደቡብ ስፔኑ ክልል አንዳሉሲያ ሁሉ ሞቃት ነው ብሎ በስስ ሹራብ የሄደ ይንቀጠቀጣል። በአውሮፓ በጋ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ግን ከ14:00 በኋላ ሽቅብ መውጣት አይመከርም።

በዚሁ ሁለት ቀን ውስጥ ኮርዶባን መጨመር ይቻላል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ግማሹ ቀን በጣቢያ ያልቃል፣ ኮርዶባም ራሷን የቻለች ሌላ ቅዳሜና እሁድ ይገባታል። የመመለሻው አውቶብስ ወይም ባቡር እሁድ ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ የእሁድ ማታውን ወደየዩኒቨርሲቲው የሚመለስ ተማሪ ሁሉ ስለሚሻማበት ቀድሞ ይሞላል፣ የአልሃምብራው ሰዓት በተያዘበት ቀን አብሮ መቆረጥ አለበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ